ከእዝባር በስተቀኝ፦ የሴት ባለሥልጣናትን ትዳር በሁለት ፊደል ስለማሳወቅ የተደረገ ጥናት

መግቢያ

ስለ በጀት፣ ስለ ድንበርና ስለ ምርጫ ብዙ ተጽፏል። በ«ወ/ሮ» እና በ«ወ/ሪት» ውስጥ ከእዝባሩ በስተቀኝ ስለሚቀመጠው ነገር ግን እምብዛም አልተጻፈም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ሲሆን ጥያቄውም አንድ ነው፦ ሴት ሚኒስትር መግለጫ ሲሰጡ፣ አድማጩ ከመግለጫው አስቀድሞ ማግባት አለማግባታቸውን የሚሰማው ለየትኛው ሀገራዊ ጥቅም ነው?

የጥናቱ ዘዴ

ጋዜጣ ማንበብ፣ ዜና ማዳመጥ፣ እንዲሁም ሠርግ ቤት ከትልልቅ ሰዎች አጠገብ መቀመጥ። ከሁሉም የላቀ መረጃ ያስገኘው ሦስተኛው ነው።

የ«አቶ» ጠባይ

ለንጽጽር ያህል አስቀድሞ «አቶ» ተመረመረ። እጅግ የተረጋጋ ሆኖ ተገኝቷል። ሰውየው ቢያገባ አቶ ነው፤ ቢፈታ አቶ ነው፤ ደግሞ ቢያገባም አቶ ነው፤ ቆሞ ቢቀርም ያው አቶ። እዝባር እንኳ አያስፈልገውም፤ የሚቆረጥለትም የሚገለጥበትም ነገር የለምና።

የሴቷ ጉዳይ ለየት ይላል። አማርኛ አክብሮ ሲናገር ፆታ አይለይም፤ «ገለጹ»፣ «አሳሰቡ»፣ «አስገነዘቡ» ሲባል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። በስምም በኩል ቢሆን የሀገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። ጀርመንን 16 ዓመት የመሩት አንጌላ ሜርክል ሥልጣን ይዘው የቆዩት በ1982 እ.ኤ.አ. በፈቱት ባላቸው ስም ነው፤ የእኛ ሴት ግን ከነባል ስም ወደ ምክር ቤት አትገባም። እንግዲህ ግሱ ሸፈነ፣ ስሙም ሸፈነ። የሠርጉን ዜና የማድረስ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የወደቀው በእዝባሩ ላይ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

ዘውዲቱ ምኒልክ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ «እቴጌ» የሚለው አልበቃቸውም፤ እቴጌ የንጉሠ ነገሥት ሚስት ናት። ስለዚህ «ንግሥተ ነገሥታት» ተባሉ። የቀሩት ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። የንግሥተ ነገሥታት ባል ምን ይባላል? መኳንንቱ ራስ ጉግሣ ሥልጣን እንዳይጋሩ ሰግተው ስለነበር ቃል ከመፈለግ ይልቅ ርቀት መረጡ፤ ራሱም ከሚስታቸው ተለይተው በጌምድርን ይገዙ ጀመር። ጥያቄው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። የመሪ ሚስት «ቀዳማዊት እመቤት» ትባላለች፤ ለመሪ ባል የወጣ ማዕረግ የለም፤ በጌምድርም አሁን ክፍት የሥራ ቦታ የላትም።

የ2011 የመረጃ ቀውስ

ጥቅምት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ20ዎቹ የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች ሆኑ። ጥቅምት 15 ሳህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር፣ ጥቅምት 22 መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት፣ ኅዳር 13 ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። አርባ ቀን እንኳ አልሞላም። ሌላው ዓለም ይህን የሴቶች ድል አለው። ለዜና ክፍሎቻችን ግን ድንገተኛ የሥራ ጫና ነበር፤ አንድ «አቶ» ሲሾም የማይጠየቅ ጥያቄ ለእያንዳንዷ ተሿሚ መጣራት ነበረበት።

የብርቱካን ሚደቅሳ ጉዳይ ለብቻው ሊጠና ይገባዋል። ዳኛ ነበሩ፤ የፓርቲ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ታሰሩ፤ ተፈቱ፤ ተመልሰው ሀገራዊ ምርጫ አስፈጸሙ። ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ «ወ/ሪት» ከፊታቸው አልተነቃነቀችም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጽሑፍ ላይ «ወ/ሮ» ሆነው ይገኛሉ። ይህም ወደ ቀጣዩ ግኝት ይወስደናል።

አራተኛው ጋብቻ

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት እና በባህል የሚፈጸም። ጥናቱ አራተኛውን አግኝቷል፤ በዜና አንባቢ የሚፈጸም ጋብቻ። ሽማግሌ አይላክበትም፣ ሰማንያ አይፈረምበትም፣ ድንኳን አይጣልበትም፣ ሙሽራውም አይታወቅም። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ባለሥልጣንን «ወ/ሪት» ማለት ነውር የመሰለው አርታዒ ከአክብሮት ብዛት ይድራቸዋል።

ፍቺውም እንዲሁ ነው። ወጣት የሚመስሉ ሚኒስትር፣ ባላቸው ሶፋ ላይ ተቀምጦ እያየ፣ በምሽት ዜና «ወ/ሪት» ተብለው ይፈታሉ። ችሎት አልተቆመም፣ ንብረት አልተከፈለም። በማግስቱ በሌላ ጣቢያ «ወ/ሮ» ተብለው ታርቀው ያድራሉ።

ማምለጫ መንገዶች

ዶ/ር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትር ሳሉ የኮቪድን ቁጥር በየዕለቱ ሲያስታውቁን፣ ከስማቸው ፊት ስለ ትዳራቸው የሚነግረን አንድም ፊደል አልነበረም። «ኢንጂነር» እና «አምባሳደር»ም ተመሳሳይ ውጤት አሳይተዋል። ስለዚህ ትምህርት ለወንድ የዕውቀት ማስረጃ ሲሆን፣ ለሴት በተጨማሪ የጓዳ መጋረጃ ነው። ትዳሯ ከዜና እንዲወጣላት የምትሻ ፖለቲከኛ ቢያንስ ሕክምና ወይም ሦስተኛ ዲግሪ እንድታጠና ይመከራል። ዓመታት ይፈጃል፤ ከእዝባሩ ጋር ከመከራከር ግን ያጥራል።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ «ወ/ሮ» ብሎ የሚጽፍ አርታዒ ሰማንያውንና በሕጉ መሠረት አራት ምስክሮች ያቅርብ።

ሁለተኛ፣ አሠራሩ ለሀገር የሚጠቅም ከሆነ ወንዶች ከጥቅሙ ሊጎድሉ አይገባም። በዚህ መነሻ የሚከተለው የሙከራ ዜና ተዘጋጅቶ ለጎረቤቶች ተነበበ፦ «ሁለተኛ ሚስታቸውን ያገቡት ሚኒስትር አቶ እገሌ የማዳበሪያ ዋጋ እንደማይጨምር ገለጹ። ያላገቡት ምክትላቸው በበኩላቸው ሊጨምር እንደሚችል ጠቁመዋል።»

ጎረቤቶች ባንድ አፍ፣ «የማዳበሪያ ዋጋና የሰውየው ትዳር ምን አገናኛቸው?» አሉ። ጥያቄው በዋና ግኝትነት ተመዝግቧል። ቀጥሎ ያው ዜና «ሚኒስትሯ ወ/ሮ እገሊት፣ ምክትላቸው ወ/ሪት እገሊት» ተብሎ ተነበበላቸው። ጎረቤቶች ስለ ማዳበሪያ ዋጋ መወያየት ጀመሩ።