ባሕታውያን በወረፋ

ብቸኝነትን የመሰለ ጸጋ የለም፤ በተለይ ለ12 ሲካፈሉት። ይህ የገባኝ ባለፈው ሐምሌ አርክቲክ ውስጥ፣ ስቫልባርድ ላይ ነው። ከኦስሎ ሦስት ሰዓት ገደማ በርረን ሎንግየርብየን ገባን፤ ከዚያ በሸራ ጀልባ ወደ ሰሜን። ሸራው ለፎቶ ይዘረጋል፤ የቀረውን ናፍጣ ይሠራዋል።

ምናኔው የተጀመረው ሊፍደፍዮርደን ውስጥ፣ ከሞናኮ የበረዶ ግግር ፊት ስንደርስ ነው። ግግሩ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1906 እና በ1907 አካባቢውን ባስጠኑት በሞናኮው ልዑል አልበርት ቀዳማዊ ነው። ልዑሉ አጥኚና መርከበኛ አስከትለው ነበር፤ አልደበቋቸውም። የኛ ጀልባ ተሳፋሪዎች ግን ባሕታውያን ናቸው። እያንዳንዱ ጀልባው አፍንጫ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሰማያዊውን በረዶ ትክ ብሎ ሲያይ ፎቶ መነሳት አለበት። ስለዚህ አንዱ ሲመንን የቀረነው 11 ሰዎች እንደበቃለን፤ ሁለት ከምሰሶው ኋላ፣ ሦስት ከተጠቀለለው ሸራ ሥር፣ ስድስታችን ታች ማድ ቤት። ተንሳፋፊ የበረዶ ተራራ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ገደማ ውኃ ውስጥ ነው ይባላል። እኛ በለጥነው።

በዚያ ወር ፀሐይ አትጠልቅም፤ ወረፋውም አይመሽበትም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በር ይንኳኳል፦ «ተራዬ ደርሷል፣ ተደበቁ!» በማግሥቱ ሌላ ጀልባ ሌሎች 12 ባሕታውያን ጭኖ ብቅ አለ። ካፒቴናችን በሬዲዮ ከአለቱ ኋላ እንዲቆዩለት ለመነ፤ እነሱም እኛኑ ለመኑን። ለዚህ ችግር መፍትሔ አለኝ። የሚደበቁትን የሚጭን ሁለተኛ ጀልባ ይከተል። ሁለተኛውም በፎቶው እንዳይገባ ከበረዶ ተራራ ኋላ ይቁም። የበረዶ ተራራ ደግሞ ይቀልጣል፣ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን የሚጋርድ ሦስተኛ ጀልባ፣ እሱም ነጭ ቀለም የተቀባ። ሦስተኛው ላይ ያሉትም ከፍለዋልና ተራቸው ሲደርስ ሰልፉ ሁሉ ይዙር። አንድ ሰው በሰላም ብቻውን እንዲሆን መቶ ሰው ቢያጎነብስ ምን አለበት?

የዋልታ ድብ ብቻ አይሰለፍም። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 300 ሜትር እንዲርቁለት ሕግ ወጥቶለታል፤ ያውም ሳይከፍል።

በአራተኛው ቀን የግግሩ ፊት ተገምሶ ባሕር ገባ። እንደ መድፍ ጮኸ፤ ጀልባው ተናወጠ። እኔ የምስር ድስት እያየሁ ነበር። ከላይ ተራው የደረሰው ሰውዬ «እኔና ዝምታው» ብሎ የሚጽፍበትን ፎቶ እየተነሳ ነው። ሰው ማየት የማይፈልግ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጥ! አርክቲክ ከቀረው ዓለም በብዙ እጥፍ እየሞቀ ነው፤ ያ በረዶ አይጠብቀኝም፤ እኔም እንደ ሰውዬው ከፍዬ ነው የመጣሁት።

ማታ ባሕታውያኑ ከባሕር የለቀሙትን በረዶ ውስኪያቸው ውስጥ ጨምረው ስለ ተፈጥሮ ክብር አወሩ።

ያ ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ፎቶውን ላከልኝ። ያምራል። ከሸራው ጥግ ቀይ ኮፍያዬ ትንሽ ብቅ ብሎበት ነበር አሉ።

«አይዞህ» ይላል መልእክቱ፤ «አጥፍቼዋለሁ።»