ለአዲሱ የቡና መጋዘን ሠራተኛ

ወንድሜ፣ ቡና ማበጠሪያ ቤት በመቀጠርህ እንኳን ደስ ያለህ። ሳንባህን በተመለከተ ጥቂት ልምከርህ።

መጀመሪያ ሲጋራ ጀምር። የማያጨስ ሰው ከማሽኑ አጠገብ ዞር ካለ ሰነፍ ይባላል። የሚያጨሰው ግን «አየር ሊቀበል ወጣ» ይባልለታል።

ስታጨስ ሕግ አክብር። አዋጅ 1112/2011 በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ከበርና ከመስኮትም 10 ሜትር ራቅ። የመጋዘኑን አየር በጭስ አትበክል። የጥሬ ቡናው ብናኝ ብቻውን ይበቃዋል። ጆንያው ቀድሞ ጉሎ ተጭኖበት ከሆነ የጉሎው ብናኝ ምርቃት ነው።

ማስክ ከሰጡህ አገጭህ ላይ አድርገው፤ ለማጨስ ይመቻል። ካልሰጡህ ወተት ይሰጡሃል። ጠጣው። ወተቱ ወደ ሆድ፣ ብናኙ ወደ ሳንባ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ግን አቧራ ከሚመጥ ማሽን ወተት ይረክሳል፤ ለድርጅቱም እዘንለት።

ታገስ። ሰውነትህ ብናኙን በጠላትነት እስኪያውቀው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ሲጋራው ያግዝሃል፤ ጥሬ ቡና ላይ ከሚሠሩት መካከል ብናኙ አለርጂ የሚሆንባቸው አጫሾቹ እንደሚበዙ ታይቷል።

ደረትህን ሲያፍንህ ቀኑን ልብ በል። እሁድ ቀለል ይልሃል። ለፋሲካ አገር ቤት ስትሄድ ጭራሽ ይተውሃል። «የአገሬ አየር!» በልና ተመለስ፤ ሌላ አትመርምር።

ክሊኒክ ስትሄድ የሲጋራህ ዋና ጥቅም ይታይሃል። ሐኪሙ «ታጨሳለህ?» ይልሃል። «አዎ» በል። ካርዱ ተሞላ። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ እንዲጠይቅህ አትጠብቅ፤ ውጭ ወረፋ አለ። አለቃህም «ሲጋራውን ተው» ብሎ ከልቡ ይመክርሃል። እውነቱን ነው፣ ስማው። ሕመሙ ከሥራ የመጣ ነው፣ ካሳ ይገባኛል የሚል ጣጣ ስላስቀረህለት ውለታህን አይረሳም። የማያጨሱት ለቃሚ ሴቶች ሲያስሉ ነው ትንሽ የሚቸግረው። ለእነሱም ተገኝቶላቸዋል፦ የእንጀራ መጋገሪያ ጭስ።

አስም ነው ከተባልክ ቶሎ አትልቀቅ። ብናኙ ውስጥ በቆየህ ቁጥር ሥራውን ብትተወውም እንኳ አስሙ አብሮህ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል። ሌሊት መተኛት ሲያቅትህ ያን ጊዜ ልቀቅ። ስትወጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አጽፍ፣ ማኅተሙንም አትርሳ። ጎን ያለው የቡና መጋዘን ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል።