የስልት ሊቃውንትን ክብር ከአሽከርካሪ ጥያቄ ለመጠበቅ የወጣ የፌዝ አዋጅ

አዋጅ፣ አዋጅ፣ የጎማ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

ተሞዐ ፈረስ ዘእምነገደ ማራኔሎ

እኛ፣ ከውድድሩ መንገድ ዳር በተሠራው የፒት ግንብ ላይ፣ ከዝናብ በጣራ፣ ከጩኸት በጆሮ ማዳመጫ፣ ከወቀሳ እርስ በርስ በመከባበር ተጠብቀን የተቀመጥን፣ በፊታችን የተደረደሩትን ስክሪኖች ያለ ዕረፍት የምንመረምር፣ ወደ ሰማይ ግን ቀና ለማለት ጊዜ ያላገኘን የቀዩ የፌራሪ መኪና የስልት ሊቃውንት፤ ለአሽከርካሪዎች፣ ጎማ ለሚፈቱና ለሚያስሩ፣ ባንዲራ ይዘው በየኩርባው ለሚቆሙ፣ እንዲሁም ድልን ከእኛ ተስፋ አድርጎ በየዓመቱ ለሚያዝነው ሕዝብ ሁሉ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ ማንም ስላልጠየቀን ደኅና ነን።

መቅድም

ድል በአሽከርካሪ እጅና እግር ብቻ የሚገኝ ተራ ነገር ሳይሆን፣ በብዙ ሊቃውንት ምክር የሚታነጽ፣ በብዙ ሊቃውንት ምክርም የሚናድ ረቂቅ ሕንጻ መሆኑ በተደጋጋሚ ስለ ተረጋገጠ፤

ሻርል ለክሌር የተባለው የፌራሪ አሽከርካሪ፣ በተወለደባት በሞናኮ ግንቦት 21 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) በተደረገው የፎርሙላ ዋን ውድድር፣ በዋዜማው በፍጥነቱ የቀዳሚነትን መነሻ ይዞ፣ የቡድን ጓደኛው ካርሎስ ሳይንዝም በሁለተኛው ስፍራ ከኋላው ቆሞለት፣ ፊተኛውና ሁለተኛው መነሻ በአንድ ቤት ተይዞ ሳለ፣ ውድድሩ ሲፈጸም ግን 4ኛ ሆኖ በመገኘቱ፣ «እንዴት?» ብሎ የመጠየቅ ክፉ አመል በሕዝቡ ዘንድ ስለ ተስፋፋ፤

ይህም አመል በጊዜ ካልተገታ «ማን?» ወደሚል የባሰ ጥያቄ እንደሚያደርስ አስቀድመን ስለ ተረዳን፣ ይህንም አስቀድሞ የመረዳት ተግባር በዚያ ዓመት ከተሳኩልን ጥቂት ተግባሮች አንዱ አድርገን ስለምንቈጥረው፤

በሕግ አምላክ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ስለ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፤

ሀ) «ስልት» ማለት ውድድሩ ካለቀ በኋላ ለሁሉ ግልጽ የሚሆን ነገር ነው።

ለ) «አሽከርካሪ» ማለት ዝናቡ የሚወርድበት፣ የመንገዱም ርጥበት በመሪው በኩል በእጁ የሚታወቀው፣ ስለዚህም ለነገሩ እጅግ የቀረበ ነውና ምስክርነቱ በቀላሉ የማይታመን ሰው ነው።

ሐ) «ግባ» የሚለው የራዲዮ ትእዛዝ ትርጓሜው ብዙ ነው። ግባ ማለት ጎማ ለመለወጥ ወደ ፒት ግባ ማለት ነው፤ አንድም፣ ጓደኛህ ቀድሞህ ገብቷልና ከኋላው ቆመህ ተራህን ጠብቅ ማለት ነው፤ አንድም፣ አትግባ ማለት ነው፤ ይህ ሦስተኛው ምስጢር ግን አሽከርካሪው ከገባ በኋላ ብቻ የሚገለጥ ነው።

አንቀጽ 2። ስለ ሞናኮው ነገር

1. በዚያ ዕለት ዝናብ በመጣሉ የውድድሩ ጅማሬ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ፣ መኪኖቹም የከባድ ዝናብ ጎማ አጥልቀው በሴፍቲ ካር መሪነት ከወጡ በኋላ፣ ለክሌር ማንም ሳይደርስበት ሲመራ፣ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ቀስ በቀስ መድረቅ ሲጀምር፣ በግንቡ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ እርሱም፣ አሁኑኑ ወደ መካከለኛው የዝናብ ጎማ ተሸጋግሮ፣ ኋላ ደግሞ ለደረቁ መንገድ ጎማ ዳግመኛ መቆም ይሻላልን? ወይስ መንገዱ እስኪደርቅ ታግሦ በአንድ መቆም ብቻ መገላገል? የሚል ነበር። ሳይንዝ መታገሡን በገዛ አፉ ስለ ጠየቀ ተፈቀደለት፤ ለለክሌር ግን የፊተኛውን መንገድ፣ ያውም አዘግይተን፣ መረጥንለት።

2. ተፎካካሪዎቻችን ሬድ ቡሎች አሽከርካሪያቸውን ሰርጂዮ ፔሬዝን በ16ኛው ዙር ጠርተው መካከለኛውን ጎማ ባሰሩለት ጊዜ፣ ፍጥነቱ እንደ ጨመረ ስክሪኖቻችን ወዲያው አሳዩን፤ እኛም የታየንን ነገር በሚገባ ከተመለከትን፣ ከተመካከርንና ከተስማማን በኋላ ለክሌርን በ18ኛው ዙር ጠራነው። እርሱም ቀዳሚነቱን ለመጠበቅ ገብቶ፣ ቀዳሚነቱን እዚያው ጥሎ፣ ከፔሬዝ ኋላ ወጣ።

3. ከዚህም በኋላ ሦስት ዙር ብቻ ተሄዶ፣ በ21ኛው ዙር ሁለቱም ለጠንካራው የደረቅ መንገድ ጎማ ተጠሩ፤ ሳይንዝ ከፊት፣ ለክሌር ከኋላው። «ግባ» የሚለው ቃል ደርሶት መሪውን ወደ ፒት ካዞረ በኋላ «አትግባ፤ መንገድህን ቀጥል» የሚለው ቃል ተከተለው፤ ነገር ግን ቃል መኪናን ወደ ኋላ አይመልስምና፣ በአገሩ ልጆች ፊት ሲመራ የነበረው ሰው የጓደኛው ጎማ ታስሮ እስኪያልቅ ድረስ ተራ ጠባቂ ሆነ። በዚያች ቅጽበት ከአፉ የወጣውን ዓለም ሁሉ በራዲዮ የሰማው ቢሆንም፣ ለአዋጅ ጽሕፈት የሚመች ባለመሆኑ እዚህ አልሰፈረም።

4. ሬድ ቡሎች በሚቀጥለው ዙር ሁለቱን መኪኖቻቸውን አስገብተው ባስወጡ ጊዜ፣ ፔሬዝ ከሳይንዝ ፊት፣ ማክስ ቬርስታፐንም ከለክሌር ፊት ተገኙ፤ በዚያውም ተራ ፈጸሙ። የሞናኮ የውድድር መንገድ በከተማው ቤቶች መካከል የሚጠማዘዝ፣ ግራና ቀኙ በብረት አጥር የታጠረ፣ ርዝመቱ 3.337 ኪሎ ሜትር የሆነ ጠባብ ጎዳና በመሆኑ፣ ከፊት የተገኘ ከፊት ይኖራል። ስለዚህ 64ኛው ዙር ሲጠናቀቅ አራቱ በ3 ሰከንድ ውስጥ ተከታትለው ሲገቡ፣ ለክሌርም ከአሸናፊው የራቀው በ2.922 ሰከንድ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ይህችን ጥቂት ጊዜ የሚመልስበት አንድ ስፍራ አላገኘም። ለአንደኛ 25፣ ለአራተኛ 12 ነጥብ ይሰጣልና፣ ከጉባኤያችን የተቀበለው በረከት 13 ነጥብ የጐደለበት ነው።

5. ውድድሩ እንዳበቃ፣ የሬድ ቡል መኪኖች ከፒት ሲወጡ ቢጫውን መስመር ረግጠዋል ስንል አቤቱታ አቀረብን፤ ዳኞችም መርምረው ውድቅ አደረጉት። ከዚያ መውጫ አጠገብ፣ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ፣ የሞናኮ ጠባቂ የሆነችው የቅድስት ዴቮታ ቤተ ጸሎት ቆማለች፤ ወደ ዳኞች ከመሮጥ ወደ እርስዋ መሳል ይቀል እንደ ነበር ከመካከላችን አንዱ ቢያሳስብም፣ ስእለት በሰንጠረዥ የማይሰላ በመሆኑ አሳቡ ሳይመዘገብ ቀርቷል።

አንቀጽ 3። ስለ አበው ትውፊት

ይህ ጥበብ በአንድ ዝናባማ ቀን በድንገት የተገኘ መስሎ የሚታየው ቢኖር፣ ከአበው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መሆኑን ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ1999 በጀርመን አገር፣ በኑርቡርግሪንግ፣ ኤዲ ኧርቫይን ጎማ ሊለውጥ በገባ ጊዜ ከአራቱ ጎማዎች ሦስቱ ብቻ ቀርበው፣ አራተኛው እስኪመጣ ድረስ በትዕግሥት እንዲቆም ተደርጓል፤ የዓለም ሻምፒዮንነትንም በዚያ ዓመት በ2 ነጥብ አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ፈርናንዶ አሎንሶ በነጥብ እየመራ ወደ መጨረሻው ውድድር ወደ አቡ ዳቢ ደርሶ፣ 4ኛ መውጣት ብቻ ሻምፒዮን ያደርገው ሳለ፣ የዚያ ዘመን ሊቃውንት ተፎካካሪው ማርክ ዌበር እንዳያመልጣቸው ዐይናቸውን ተክለው ሲጠብቁ ሌላውን ተፎካካሪ ሴባስቲያን ፌተልን ዘነጉት፤ አሎንሶም ዌበርን ለመከላከል ጎማ ለውጦ ከቪታሊ ፔትሮቭ ኋላ ወጣና፣ ሊያልፈው ሳይችል 7ኛ ሆኖ ገብቶ፣ ዘውዱ በ4 ነጥብ ልዩነት ለፌተል ተሰጠ። ይህን የመሰለ ርስት ሳናጐድል ለተከታዮቻችን ማስረከብ ግዴታችን ነው።

አንቀጽ 4። ስለ መታዘዝ

1. ማንኛውም አሽከርካሪ ለግንቡ መታዘዝ አለበት። በሞናኮ ሳይንዝ በራሱ አሳብ ጸንቶ 2ኛ፣ ለክሌር ታዝዞ 4ኛ መሆናቸው አጋጣሚ ነው።

2. በዚያው ዓመት በሲልቨርስቶን፣ ለክሌር እየመራ ሳለ፣ በ39ኛው ዙር የኤስቴባን ኦኮን መኪና ቆሞ ሴፍቲ ካር በወጣ ጊዜ፣ ከኋላው ያሉት ተፎካካሪዎች ለስላሳ ጎማ ሲያስሩ መሪውን በአሮጌው ጠንካራ ጎማ መንገድ ላይ ትተነዋል፤ ሳይንዝንም አዲስ ጎማ ካሰርንለት በኋላ፣ ውድድሩ ዳግም ሲጀመር ለለክሌር ክፍተት እንዲተውለት ለምነነዋል። ሳይንዝ እንቢ ብሎ በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን የፎርሙላ ዋን ድል አገኘ፤ ለክሌር የታዘዘውን ፈጽሞ 4ኛ ወጣ። ይህም ሁለተኛው አጋጣሚ ነው።

3. አጋጣሚ ሦስት ጊዜ ቢደጋገም ማስረጃ ይሆናል የሚል ሕግ ቢኖር፣ በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

አንቀጽ 5። ስለ ጥፋተኞች ቅደም ተከተል

1. ውድድር በተበላሸ ጊዜ ጥፋቱ በሚከተለው ተራ ይታደላል፤ አስቀድሞ ለዝናቡ፣ ቀጥሎ ለጎማው፣ ቀጥሎ በመንገድ ላይ ለተገኘው ዘገምተኛ መኪና፣ ቀጥሎ ለራሱ ለመኪናው፣ እነዚህ ሁሉ ቢያልቁ ለዕድል። ተራው ግንቡ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ዓመቱ ያልቃል።

2. ለአብነት ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በሀንጋሪ ለክሌር በሚስማማው ጎማ እየመራ ሳለ፣ የአልፒን መኪኖች ጠንካራው ጎማ በዚያ ቀዝቃዛ ቀን እንደማይሠራ አስቀድመው በገሃድ አሳይተው ሳለ፣ ያንኑ ጎማ አሰርንለት፤ ከ10ኛ ስፍራ የተነሣው ቬርስታፐንም አልፎት፣ ከዚያም መኪናው ዞራበት፣ ተመልሶ ዳግመኛ አልፎት አሸነፈ። አንድን ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ለመቅደም የሚያስችል ምክር መስጠት ለማንም የሚቻል አይደለም፤ ለእኛ ግን ተችሎናል። ለክሌር 6ኛ ሆነ፤ የቡድኑ አለቃ ማቲያ ቢኖቶም መኪናው እንደ ተጠበቀው አለመሥራቱን ገለጡ፤ ይህም ከላይ በተነገረው ተራ መሠረት ሕጋዊ ነው።

3. በስፔይንና በአዘርባጃን ለክሌር እየመራ ሳለ ሞተሩ የተቃጠለበት ነገር የሌላ ክፍል ኃጢአት ስለ ሆነ፣ በብድር እንኳ ቢሰጠን አንቀበልም።

4. በፈረንሳይ ለክሌር እየመራ ሳለ ከመንገድ ወጥቶ በግድቡ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ ከመኪናው ወርዶ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን በሕዝብ ፊት ተናግሯል። እንዲህ ያለ ንስሓ፣ ያለ አባት ምክርና ያለ ጉባኤ ፈቃድ በአደባባይ የሚፈጸም፣ ወደ ግንቡም ሊዛመት የሚችል አደገኛ ልማድ ስለ ሆነ ለወደፊቱ ተከልክሏል።

5. ከሦስት ውድድሮች በኋላ ቬርስታፐንን በ46 ነጥብ ይበልጥ የነበረው ለክሌር ዓመቱን በ308 ነጥብ፣ ቬርስታፐን በ454 ነጥብ መፈጸማቸው የታወቀ ነው። ከዚህ የ146 ነጥብ ልዩነት ውስጥ የሞተሩን፣ የአሽከርካሪውንና የተፎካካሪውን ብርታት ድርሻ ለይቶ የሚያስቀር፣ የቀረውንም ለእኛ የሚያስታቅፍ የሒሳብ ባለሙያ ቢገኝ፣ ስሌቱ ትክክል መሆኑ እንደ ማቃለያ ምክንያት አይቈጠርለትም።

6. አለቃው በዓመቱ መጨረሻ ሥራቸውን መልቀቃቸው ከዚህ አንቀጽ ጋር ግንኙነት አለው ብሎ ማውራት ክልክል ነው።

አንቀጽ 6። ስለ 2016ቱ ድል

ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ለክሌር በሞናኮ ከቀዳሚው መነሻ ተነሥቶ፣ ቀዳሚ ሆኖ ፈጽሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ሉዊ ሺሮን ካሸነፈ ወዲህ በዚህ ውድድር ድል ያደረገ የመጀመሪያው የሞናኮ ልጅ ሆኗል። በዚያ ቀን በመጀመሪያው ዙር በደረሰው ከባድ ግጭት ምክንያት ቀይ ባንዲራ ወጥቶ፣ ውድድሩ ቆሞ ሳለ ሁሉም ጎማውን ስለ ለወጠ፣ ከፊት የነበሩት ከዚያ በኋላ ወደ ፒት መግባት ሳያስፈልጋቸው እስከ ፍጻሜው ነዱ፤ የመጀመሪያዎቹ 10 አሽከርካሪዎችም በተነሡበት ተራ ገቡ፤ ይህም በፎርሙላ ዋን ታሪክ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ነው። ስለዚህ «ግባ» የሚል ሊቅ ያላስፈለገበት ቀን ልጁ ያሸነፈበት ቀን ሆነ የሚሉ ተሳዳቢዎች አሉ። እኛ ግን ዝም ማለትም ከስልት ሁሉ የበለጠ ስልት መሆኑን ስለምናምን፣ የድሉ ግማሽ ለግንቡ እንዲመዘገብ አዘናል።

አንቀጽ 7። ስለ ቅጣት

ይህን አዋጅ ተላልፎ ወደ ሰማይ ቀና ያለ፣ ዝናቡ መቆሙን ከስክሪኑ በፊት ያወቀ፣ ወይም «የትኛው ዕቅድ?» ብሎ በራዲዮ የጠየቀ አሽከርካሪ፣ ከጓደኛው ኋላ ተሰልፎ እንዲቆም ይፈረድበታል። በግንቡ ላይ ተቀምጦ የተሳሳተ ሰው ግን ድካሙ ታይቶ፣ በሚቀጥለው ውድድር ደግሞ እንዲያስብ ይፈረድለታል።

አንቀጽ 8። አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከሚያስፈልግበት ዙር አንድ ዙር ዘግይቶ የጸና ይሆናል።