ሸራዋ የተገለጠ ሠረገላ

ነቢዩ ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ሲነጠቅ ጣራ እንዳላስፈለገው እያሰብሁ ራሴን አጽናናለሁ እንጂ፣ ሸራዋ እንዲገለጥና እንዲከደን ሆና የተሠራች፣ አሁን ግን መገለጡን አጥብቃ ይዛ መከደኑን የዘነጋች አሮጌ መኪናዬ፣ በሐምሌ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ዝናብ ለሾፌርና ለተሳፋሪ ሳታዳላ ታካፍላለች። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ አምስት አኃዝ ብቻ ስለሚይዝ፣ 99,999 በሞላ ቍጥር ወደ ዜሮ እየተመለሰ፣ ያለ ንስሐና ያለ ቀኖና ኃጢአቷ ሁሉ ይደመሰስላታል፤ ይህ ጸጋ ሦስት ጊዜ እንደ ወረደላት መካኒኩ በአክብሮት ይመሰክራል።

ከተማችን አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና፣ አየሩ በሳሳ መጠን የመኪናዬ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛባታል፤ እርሷም ካንዴላዋን በጥላሸት አጥቁራ፣ እንደ ማዕጠንት እየጤሰች ገበያተኛውን ሁሉ ታጥናለች። ጠዋት አልነሣ ስትል የሰፈር ልጆች ይገፏታል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይደርስበት በነበረ አገር ገፊ አይጠፋም፤ ችግሩ ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ቀድመውኝ መሄዳቸው ነው።

«ጋሼ፣ ለምን አይለውጧትም?» ይሉኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን አሮጌ መባሏ ቀርቶ ቅርስ ሆናለች፤ ትናንት አንድ ደላላ ገብቶ ተቀመጠና፣ ሸራዋ በተገለጠበት በኩል ሰማዩን አሻቅቦ አይቶ፣ «ብርሃን ያላት ናት» ሲል ዋጋ ጨመረልኝ።