ኤክሴል ላይ ነው ስታክ የሚያደርገው

በሙያዬ ኦዲተር ነኝ። "ደረሰኙ ጠፍቶ ነው"፣ "ሲስተሙ ነው"፣ "የበፊቱ ሠራተኛ ነው" የሚሉትን መልሶች ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት አውቃቸዋለሁ። ማታ ማታ፣ ቤተሰቡ ሲተኛ ደግሞ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። በእውኑ ዓለም ትንሿን መኪናዬን ወደ ኋላ ለማስገባት የፓርኪንግ ልጆች "ና! ና! ና! በቃ!" ካላሉኝ አልችልም። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 በሚባለው ጨዋታ ላይ ግን ካሌ ከተማ ላይ የጫንኩትን ከነተሳቢው መጋዘን በር ላይ በአንድ እጄ አቆማለሁ።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የቼኮች ሥራ ነው። ከባንክ ትበደራለህ፣ መኪና ትገዛለህ፣ ነዳጅ ትሞላለህ፣ ቀይ መብራት ከጣስክ ትቀጣለህ፣ እንቅልፍ ከመጣብህ መንገድ ዳር ታድራለህ። ቀኑን ሙሉ የሰው ዕዳ ሲቆጥር የዋለ ሰው ማታ የራሱን ዕዳ ለመክፈል መንዳት ለምን እንደሚያስደስተው መርምሬ አላውቅም። ባለቤቴ የምታውቀው "ሪፖርት እየጨረስኩ ነው" የሚለውን ብቻ ነው። አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ መጫወቴን ብትሰማ ምንም አትለኝም ነበር። የሚያሳፍረኝ ጨዋታው ሳይሆን፣ በሪፖርት ስም ስንት ሌሊት ተፈልቶ የቀረበልኝ ሻይ ነው።

ኮምፒውተሩ ስታክ ማድረግ የጀመረው በዚህ መሐል ነው። መንገዱም፣ ዝናቡም፣ የመስተዋት መጥረጊያውም ባሉበት ቀጥ ይላሉ። የሞተሩ ድምፅ አንዲት ቅንጣት ላይ ተቀርቅሮ "ድድድድድ" ይላል። ማውዙ አይነቃነቅ፣ ኪቦርዱ አይሰማ። አንዳንዴ ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ዴስክቶፑ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ከመያዝ ሌላ መላ የለም። ኤክሴል ላይ? በጭራሽ። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ቢውል ምንም አይሆንም።

ይህቺን "ኤክሴል ላይ በጭራሽ" የምትለዋን ኮምፒውተሩን ለጥገና ለወሰድኩለት ባለሙያ ብነግረው ነገሩ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር። ነገር ግን ጥገና ሱቁ ውስጥ አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ከጎኔ ቆሟል፤ ያውም "ኮምፒውተር የሚገባው ሰው" ብሎ የሚያምነኝ። "ምን ሲሠሩ ነው ስታክ የሚያደርገው?" ስባል፣ "ኤክሴል ላይ ነው፤ ትልልቅ ፋይል ስለምከፍት" አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለደንበኞቼ ስንቴ እንደተረትኩ እግዜር ይቁጠረው። ባለሙያው ልጅ ሥራውን አክባሪ ነበርና ኤክሴል ከፈተ፣ ትልልቅ ፋይል ከፈተ፣ ሲያስኬደው ዋለ። ከዚያም "ምንም የለውም" አለኝ። ተቆጣሁ። ውሸቴን በሥነ ሥርዓት መርምሮ ውሸት መሆኑን ስላረጋገጠብኝ ይመስለኛል።

አገራችን ውስጥ ምንም ያልተገኘበት ኮምፒውተር መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ ተደረገ። የቤተሰቡን ፎቶ ባለቤቴ አስቀድማ በፍላሽ ገልብጣው ነበር። የእኔ የትራንስፖርት ድርጅት ግን ከነመኪኖቹ፣ ከነሹፌሮቹ፣ ከነባንክ ዕዳው ድምጥማጡ ጠፋ። ሐዘኔን የምነግረው ሰው እንኳ አልነበረኝም። እንደገና በሰው መኪና ተቀጥሬ ጀመርኩ፤ ስታኩም አብሮኝ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ምርመራውን በእጄ ያዝኩት። ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪውወር የሚባል ዝርዝር አለ። ከፈትኩት። ቁልፉን ተጭኜ ያጠፋሁበት ጊዜ ሁሉ "ከርነል ፓወር፣ 41" ተብሎ ሰፍሯል። ፓወር! ጥፋተኛው ተገኘ፤ መብራት ነው። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ፤ የሰፈሩን መብራትም ስለማላምነው ስታቢላይዘር ጨመርኩ። ቁጥር 41 የሚለው ግን ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ እንደገና መነሣቱን ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ አይናገርም። በሥርዓቱ ሳይዘጋ የሚያጠፋው ማን ነበር? መዝገቡ ሲጠቁም የኖረው የራሴን ጣት ነው። በጣቴ ጥፋት ፓወር ሰፕላይ ተቀየረ።

በዚያው ቀን ራሙን ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ አሸሁት፤ የአገሩ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው፣ የሚሠራበትም ጊዜ አለ። በዚያው ቀን ድራይቨር አዘመንኩ። በዚያው ቀን የጨዋታውን ግራፊክስ ዝቅ አደረግኩ። ያን ማታ ያለ ስታክ ነዳሁ። የትኛው እንዳዳነው ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። አንድ ሒሳብ ሹም ይህን ሁሉ ማስተካከያ በአንድ ቫውቸር ቢያስገባ ደብዳቤ እጽፍበት ነበር። በነጋታው ዝናቡ እንደ ቀድሞው አላምር ስላለኝ ግራፊክሱን ወደ ላይ መለስኩት። ስታኩም ተመለሰ። እዚህ ላይ ማንም ሰው "እንግዲያው ነገሩ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያለው ጫና ነው" ይላል። እኔ ግን ስታቢላይዘሩን ወደ ሌላ ሶኬት አዛወርኩት።

ገንዘቤ ሲያልቅ ወደ ንድፈ ሐሳብ ገባሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ የሳሳ አየር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ሳስረዳ ሰዎች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ኬዙን የጠረጴዛው ሣጥን ውስጥ ከግድግዳው ጋር አጣብቄ፣ ባለቤቴ በሠራችው ዳንቴል እንደሸፈንኩት ግን ለማንም አልነገርኩም።

በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ልጅ ቤት ድረስ መጣ። ባለቤቴ ቡና አቅርባለች፤ ስለዚህ ምስክር አለ።

"ምን ሲሠሩ ነው ጋሼ ስታክ የሚያደርገው?"

"ሪፖርት።"

"ከሪፖርት ሌላስ?"

"አልፎ አልፎ ኢሜይል።"

ልጁ አልተከራከረኝም። መፈለጊያው ላይ "ሪላያቢሊቲ" ብሎ ጻፈ፤ ቀናት በረድፍ የተደረደሩበት ገበታ ወጣ። በየቀኑ ሥር ቀይ ምልክት፤ ምልክቱን ሲነካው መልስ መስጠት ያቆመው ፕሮግራም ስም ከነሰዓቱ። ዩሮትራክስ2፣ ከሌሊቱ 7፡15። ዩሮትራክስ2፣ ከሌሊቱ 6፡40። ወደ ታች እስከ ፎርማቱ ቀን ድረስ ወረደ። ኤክሴል የሚል የለም። እኔ ከነተሳቢዬ አውሮፓን ስዞር ይህ ማሽን የኦዲት ማስረጃ ሲያጠናቅርብኝ ከርሟል፤ እንዲህ የተሟላ ፋይል ከየትኛውም ደንበኛዬ አግኝቼ አላውቅም።

"ጌሙን መክፈት አለብን፤ ካልተጫነው አይታወቅም" አለ ልጁ። ከፈተው። ዝናብ፣ መኪናዬ፣ መድረሻዬ። ባለቤቴ ስኒ እንደያዘች ጠጋ ብላ ስክሪኑን አነበበች።

"ሮተርዳም የትኛው ቅርንጫፍ ነው?"

ልጁ ሳቁን ለመዋጥ ኬዙ ላይ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ግን ሥራ ላይ ነበር። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ታስክ ማናጀር ላይ የግራፊክስ ካርዱ ሙቀት በቁጥር ይታያል፤ ነፃ ነው፣ ሁልጊዜም እዚያው ነበር። ካርዴ ጂቲኤክስ 1060 ነው፤ ሲጫነው ብቻውን 120 ዋት ድረስ ይበላል፤ ኤክሴል ላይ ግን ይተኛል። ቁጥሩ 70ን አለፈ፣ 80ን አለፈ፣ 90 ላይም አልቆመም። ይህን ያህል ሲግል ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያም ሳይበቃው ቀርቶ ለሁለት ሰከንድ መልስ ካልሰጠ፣ ዊንዶውስ ድራይቨሩን እንደገና ለማስነሣት ይሞክራል። ሲሳካለት ጌሙ ብቻ ይዘጋል፤ ሳይሳካለት ሁሉም ቀጥ ሊል ይችላል። "አንዳንዴ እንዲህ፣ አንዳንዴ እንዲያ" ያልኩት ምሥጢር ይኸው ነበር።

"አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች..." ብዬ ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ ሰፈሩ ሁሉ እኮ እዚሁ ከፍታ ላይ ነው።"

ዳንቴሉን አነሣ፣ ኬዙን ከሣጥኑ ጎትቶ አወጣ፣ ከጠረጴዛው ላይ ሶፍት ቀድዶ ከኋላ ካለው ፋን ፊት ያዘ። አየር የሚያወጣ ፋን ሶፍቱን ገፍቶ ማራቅ አለበት። ሶፍቱ ተመጥጦ ፋኑ ላይ ተለጠፈ።

"ይህን ፋን ማን ነው የገጠመው?"

እኔ ነኝ። ስታኩ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጌሙ ይበልጥ ይፍጠን ብዬ ከመርካቶ ገዝቼ፣ በገዛ እጄ። በሥራዬ መጀመሪያ የምጠይቀው "ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ምን ተቀየረ?" የሚለውን ነው፤ ራሴን ግን ጠይቄው አላውቅም። ፋኑ ባለቀለም መብራት አለው። አየር የሚወጣው ሞተሩን የደገፉት ዘንጎች ባሉበት በኩል ነው፤ ጎኑ ላይም አቅጣጫውን የሚያሳይ ቀስት አለ። እኔ ግን የሚያምረው ፊቱ ይታይ ብዬ ወደ ውጭ አዙሬ ገጠምኩት። የፊቱ ፋን አየር ያስገባል፣ የኋላውም ያስገባል፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ መሐል ይዞራል። በሩን ዘግቶ ጭስ የሞላበት ማድ ቤት ውስጥ ማራገብ ማለት ነው። የመብራቱን ውበት በተመለከተ፣ የኬዙ ጀርባ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ያየው ግድግዳው ብቻ ነው።

አራት ብሎን ተፈታ፣ ፋኑ ዞረ፣ አቧራው በብሎወር ተነፋ። ኬዙ ከሣጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ዝናብ፣ በዚያው ግራፊክስ ነዳን፤ ሙቀቱ 70ዎቹ ውስጥ ቆመ። ልጁ የጠየቀኝ ክፍያ ትንሽነት ራሱ ሌላ ስድብ ሆነብኝ።

አሁን በግልጽ እጫወታለሁ፤ የሌሊቱን ሻይ ራሴ አፈላለሁ። ባለቤቴ እስካሁን ለዚህ ኮምፒውተር የወጣውን ወጪ ዝርዝር ጠየቀችኝ፤ ሠንጠረዥ ሠርቼ ሰጠኋት፣ በኤክሴል። ፋኑ አለበት፣ ፎርማቱ አለበት፣ ፓወር ሰፕላዩ አለበት። ስታቢላይዘሩን አላስገባሁትም። ስገዛው ለፍሪጁ ነው ብያት ነበርና፣ ሠንጠረዡን ከማስረከቤ በፊት ወጥ ቤት ወስጄ ፍሪጁ ላይ ሰክቼዋለሁ።