የወፍ ቆሎ አጥር፦ አተካከሉና ጥቅሙ

የወፍ ቆሎ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ለአጥር ጌጥ የሚተከል ቁጥቋጦ ነው። አበባው ሲፈነዳ ቢጫ ይሆንና ሲቆይ ወደ ብርቱካናማ ወይም ወደ ሮዝ ይለወጣል። ውሃ አጠጡኝ፣ ኮትኩቱኝ አይልም። እንዲህ ያለውን ዕንቁ ለመትከል አስቀድሞ ግቢውን ማጽዳት ያስፈልጋል። ማጽዳት ማለት ሳይተከል የበቀለውን አጋምና ቀጋ መመንጠር ነው፤ የአገር ተክል ጫካ ስለሚባል ለሰለጠነ ግቢ አይመጥንም።

ከጥቅሞቹ ሁሉ የሚበልጠው ይዞታ ማስፋፋቱ ነው። አንዱ ተክል በዓመት እስከ 12,000 ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን የጎረቤት ጓሮ ትጥለዋለች፤ ባለአጥሩም ያለ ሊዝ ጨረታ፣ ያለ ካርታ፣ ያለ ማህተም ባለመሬት ይሆናል። ወፏ ኮሚሽን የማትጠይቅ፣ ስልኳን የማታጠፋ ደላላ ናት። ከጓሮው ወንዝ ዳሩ፣ ከወንዝ ዳሩ የግጦሽ መሬቱ ይከተላል። ክርክር ቢነሳ ልኬተኛ ይላካል፤ ግንዱ እሾኻም ስለሆነ ግን ውስጥ ገብቶ መለካት አይችልም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «ከአጥር እስከ አጥር» ብሎ ይጽፋል፤ አጥሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም። በውርስ ጊዜም ወንድማማቾች አይካሰሱም፤ ለሰባት ቤት የሚበቃ ቁጥቋጦ አለ።

ቅጠሉን የበላ ከብት ጉበቱ ይታመማል፣ ቆዳውም በፀሐይ ይቆስላል፤ ከተሜው ግን ከብት ስለሌለው ይህ አይመለከተውም። ህንድም በእንግሊዞች ዘመን ለጌጥ ተቀብላው ነበር፤ ዛሬ የነብር መጠለያ ደኖቿን ወርሯል።

አረም በገንዘብ ገዝቶ የሰው መሬት ማበላሸት ነውር ነው።

የወፍ ቆሎን ለማጥፋት ከላይ መቁረጥ ትርፉ ድካም ነው፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። ፍሬ ሳይዝ፣ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልሰው ከነሥሩ መነቀል አለበት። መሬት ውስጥ የቀረው ዘር ለዓመታት ስለሚበቅል ክረምት በመጣ ቁጥር ቡቃያውን መልቀም የግድ ነው።

በምትኩ ቁልቋልን ያስለቅሳል ተብሎ በተረት ስሙ የጠፋውን አጋም መትከል ይቻላል። እሾኹ ሌባ ይከለክላል፣ ነጭ አበባው ያውዳል፣ ፍሬውን ልጆች ይበሉታል። ቀጋም የአገሩ ጽጌረዳ ነው፤ የፈረንጅ ጽጌረዳ ፍለጋ ከተማውን የሚያስሰው ባለግቢ እሱኑ ነቅሎ ነው የሚወጣው። ድርቅ ለሚበዛበት ቦታ ክትክታ ይሻላል፤ ሲከረከም ይደፍናል። የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች አጋም እምብዛም ስለማይዙ፣ የበሰለ ፍሬ ለቅሞ ዘሩን ማጠብና ሳይቆይ መደብ ላይ መዝራት ነው።