ትሏን ስንጠብቅ ዋልን

አርብ ገበያ አካባቢ ዜማ ቤት በነበርኩበት ዘመን፣ የኔታን የሚያስቸግራቸው ሰነፍ ተማሪ አልነበረም። ሰነፍ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ በቃ። የሚያስቸግራቸው ቀለም የገባው ቀልደኛ ነው። ከራሳቸው ከተማረው ላይ አንስቶ ይመልስላቸዋል፤ ጉባኤው በሳቅ ይፈርሳል፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ፣ ትከሻቸው ግን ያሳብቅባቸዋል።

ዜማ ቤት ብርቱ ቤት ነው። በተለይ የእኛ አገር። ድጓ የሚመሰከረው እዚያው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው፤ ከሩቅ አገር ድጓ ዘልቆ የመጣ ሁሉ እዚያ ቀርቦ ካልታየ መምህር አይባልም። እንዲህ ባለ አገር ዜማ ማበላሸት አያምርም። ሌሊት መብራት በሌለበት በቃል እንቀጽላለን፤ ሲነጋ መጽሐፍ ተይዞ ምልክቱ ይጠናል። ምልክቶቹ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተሠሩ ናቸው ይባላል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፤ ከፊደሉ ራስ ላይ እንደ ትንኝ ሰፍረው ድምፅህን ወዲያና ወዲህ ይነዱታል።

በዐቢይ ጾም ጾመ ድጓ ይዘን ሳለ፣ የኔታ አንዱን ልጅ አስቁመው «እዚህ ላይ ቁርጥ ነው!» አሉት። ልጁ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ቀና ብሎ አያቸውና «የኔታ፣ ሑዳዴ አይደለም እንዴ?» አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ የጉና ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሌሊት፣ አንድ አዲስ ገቢ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ ሰምተው «እንዲህ ነው ርክርክ! ማን አስነገረህ?» አሉት። «የኔታ፣ ደበሎዬ ተቀዶ ነው» አላቸው። በማግስቱ ደበሎ ተፈልጎ ተሰጠው። ርክርኩ ግን ያን ያህል አላማረም።

እኔ የማልረሳው የስማዳውን ልጅ ነው። በዜማ ቤት ሰው በአገሩ ነው የሚጠራ፤ እኛም ስማዴው እንለዋለን። አንድ አርብ አኩፋዳችንን አንግተን ገበያ ወረድን። እሱ መንገድ ለመንገድ የሌሊቱን ቀለም እያዜመ ነው፤ ገበያው መሐል ሲደርስም አላቆመም። አንዲት እናት ገብስ የጫነች አህያቸውን ይዘው ቆመዋል። አህያዪቱ ሰማችውና ጆሮዋን ቀስራ ማናፋት ጀመረች። ስማዴው ዞር ብሎ፣ በፍጹም አክብሮት፣ «እመይቴ፣ እባክዎ አህያዎን ይያዙልኝ፤ እኔ ግዕዝ ላይ ነኝ፣ እሷ በአራራይ ገባችብኝ» አላቸው። ግዕዝ ደረቅ ያለ ዜማ ነው፤ አራራይ ደግሞ ከፍ ብሎ የሚያለቅስ፤ አህያዪቱን ለሰማ ሰው ፍርዱ ትክክል ነው። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። አህያዪቱም ደንግጣ ዘለለች፤ ስልቻው ተፈታ፤ ገብሱ አቧራው ላይ ተዘረገፈ።

ያን ቀን ቁራሽ አልለመንንም። ተንበርክከን ገብስ ስንለቅም ዋልን። ሴትዮዋ ሰፌድ ተውሰው እፍኝ እፍኙን ያነፍሳሉ፤ ጠጠሩን በጣታቸው ይለያሉ፤ «የማነው የቆሎ ተማሪ!» ይላሉ፤ መልሰው ያነፍሳሉ። የመጨረሻውን እፍኝ ስልቻው ውስጥ ስንጨምር ፊታቸው ተፈታ። «እስቲ አሁን በላት፣ አህያዪቱ ደክሟታል» አሉ። ስማዴው ከነአቧራው ቆሞ አዜመ። አኩፋዳችን ውስጥ ገብስ አደረጉልን።

ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ጉባኤ አምልጦናል። የኔታ «የት ዋላችሁ?» አሉ። የቅዱስ ያሬድን ገድል የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ መምህሩ ጌዴዎን ገርፎት ሸሽቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንዲት ትል እየወደቀች እየተነሣች ግንዱን ስትወጣ አይቶ ነው ወደ ትምህርቱ የተመለሰው። ስማዴው ራሱን ደፍቶ፣ «የኔታ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ትሏን ስንጠብቅ ዋልን። አልመጣችም።»

እንዲህ ያለው ቀልድ ገድሉን ካልተማሩ አይመጣም። እንዲያውም የልጁን ትምህርት ለካ ብባል፣ ከንባቡ ይልቅ በዚህ እለካዋለሁ።

የኔታ ግን አልሳቁም፤ በማግስቱ በእርማት ሰዓት እሱን ብቻ አስቁመው ያዙት። እየመሩ፣ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ፣ ዜማው ሲወስዳቸው መቋሚያው ልጁ እግር ላይ አረፈ። ስማዴው ሳያቋርጥ ጨረሰ። ጣቱ ደምቷል። የኔታ ደንግጠው «አንተ! ምነው ዝም አልክ?» አሉት።

«ቅዱስ ያሬድስ የዐፄ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ሲወጋው መች ተናገረ?»

«ጉድ ነው! ታዲያ ምን ይደረግልህ?»

«ንጉሡ ስለ ደምህ ዋጋ የሻኸውን ለምን ብለውታል። እኔም ልለምን፤ ዛሬ ከእንጨት ለቀማ ይማሩኝ።»

ጉባኤው ፈረሰ። የኔታም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሳቁ ሲበርድ፣ «መልካም፤ ሰጥቼሃለሁ» አሉ። «ቅዱስ ያሬድ ግን ንጉሡን ተሰናብቶ የሄደው ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃንን ደርሶ ነው። አንተ ድረስ አልልህም። በዜማው፣ በቃልህ ድገማትና ሂድ። ከሳትህ ከመጀመሪያው ነው።»

እኛ ቆላ ወርደን፣ እንጨቱን ለቅመን፣ ተሸክመን ስንመለስ ስማዴው መቋሚያ ተደግፎ ገና እየደገመ ነበር።